ፍቺ፣ ጠባይ፣ ውሎ

ግንቦት አንድ ቀን ሁለት ሺህ አሥር ዓመተ ምሕረት፣ የልደታ ማርያም ታቦት ዑደቷን ፈጽማ ወደ መንበሯ ከተመለሰች በኋላ፣ ምእመኑ ነጠላውን እያጣፋ በየታክሲው ሲሳፈር፣ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር አንድ ሽማግሌ የጽሕፈት መኪናቸውን ከላስቲክ ሽፋኑ አውጥተው ወረቀት አጎረሱት፤ በዓል ነው ብሎ የሚቀር ባለጉዳይ እንደሌለ ከሃያ ዓመት በላይ አይተውታልና።

እኒህ ሰው አቶ አምሳሉ ገብረጊዮርጊስ ይባላሉ። የመሪጌታ ገብረጊዮርጊስ ልጅ ናቸው፤ በአብዮቱ ዘመን በአንድ የመንግሥት ማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ሆነው ሲሠሩ፣ በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት ለሙያ ትምህርት ወደ ምሥራቅ ጀርመን ተልከው፣ አራት ዓመት ላይፕሲግ ከተማ ተቀምጠው ተመለሱ፤ መንግሥት ሲለወጥና ማተሚያ ቤቱ ሠራተኛ ሲቀንስ ስማቸው ከተቀናሾቹ ዝርዝር ላይ ተገኘ፤ ከዚያ ወዲህ በልደታ የሰው ክስና ማመልከቻ እየጻፉ ይኖራሉ። ስለዚያ ዘመን የሚጽፉ ሊቃውንት የዘመቻውን፣ የስብሰባውንና የጓዶቹን ስም ይደረድራሉ፤ ከላይፕሲግ ጀርመንኛ ተሸክሞ መጥቶ አጥር ሥር የውርስ ክስ ስለሚተይብ ሰው ግን ማንም አልጻፈም። እኔ እጽፋለሁ፤ ለምን ቢባል ነገሩ አናዶኛል።

የዚያን ዕለት ከጽሕፈት መኪናው ፊት የቆመችው ባለጉዳይ ጊፍቲ ቶሌሳ ነበረች፤ ዕድሜዋ ሃያ ስድስት፣ ሥራዋ በአንድ የግል ክሊኒክ ነርስነት፣ እናቷ ወይዘሮ ፋዮ ደግሞ አብነት ሰፈር በርበሬና ቅመም ነጋዴ ናቸው። የሥራ ልምድ ማስረጃ እንዲሰጣት የሚጠይቅ ማመልከቻ ልታስጽፍ መጥታ ሳለ፣ በእጇ ከያዘችው ወረቀት መካከል ለጀርመን አገር ሥራ በጀርመንኛ የተሞላ አንድ ቅጽ ሾልኮ መሬት ወደቀ። አቶ አምሳሉ አነሡላትና መነጽራቸውን ገፋ አድርገው አነበቡት።

«ይህን ማን ሞላልሽ?» አሉ።

«ራሴ ነኝ ጋሼ፤ ከኢንተርኔት እያየሁ። ተሳስቻለሁ እንዴ?»

«‹በነርስነት እሠራለሁ› ልትዪ ፈልገሽ፣ ‹ኢኽ አርባይተ ኢን ዲ ፕፍሌገ› ብለሻል። ዲ አይደለም፤ ዴር ነው።»

ጊፍቲ ሽማግሌውን ከእግር እስከ ራሳቸው አየቻቸው። «እርስዎ ጀርመንኛ ይችላሉ?»

«ጥቂት ጥቂት» አሉ፤ መሪጌታ ያሳደጉት ሰው ‹አዎን እችላለሁ› ብሎ አይመልስም። «ቁጭ በይ እስቲ። የዛሬው ማመልከቻ ይቆይና ይህችን ፕፍሌገ የምትባል ስም እንያት።»

ከቦርሳቸው በሲባጎ የታሰረ የወረቀት ክምር አወጡ፤ የተበላሹ ማመልከቻዎች ጀርባ ላይ በደቃቅ እጅ ጽሑፍ የተሞላ፣ ጠርዙ የተበላ ወረቀት።

«ልጄ፣ የሰው ስም ስለ ተነገረሽ ሰውየውን አወቅሽው ማለት ነው? አይደለም። ስሙን ሰምተሽ ማንነቱን ትጠይቂያለሽ፤ ቀጥሎ ጠባዩን፣ ቀጥሎ ደግሞ የት እንደሚውል ታጣሪያለሽ። የጀርመንኛንም ስም እንዲሁ ነው የምትይዢው። ፍቺውን፣ ጠባዩን፣ ውሎውን።»

«እሺ ጋሼ።»

«ፍቺዋ እንግዲህ፦ እኛ በሽተኛን ማስታመም፣ ሽማግሌን መጦር፣ የሰው ልጅ ተቀብሎ ማሳደግ እያልን እንለያየዋለን፤ እነሱ ሁሉንም ፕፍሌገ ይሉታል። ጠባይዋ አንስታይ ናት። ብዙ ቁጥሯን አትፈልጊ፤ ብቻዋን ነው የምትኖረው።»

«አንስታይ ከሆነች ዴር ምን ይሠራል? ዴር የወንድ አይደለም?»

«ዲ የቤት ልብሷ ነው። የት ነሽ ተብላ ስትጠየቅ ዴር ደርባ ትወጣለች። ልብስ ቀየረች እንጂ ወንድ አልሆነችም።»

ጊፍቲ ሳቀች። ሦስት ወር ኮርስ ገብታ ያልገባትን ነገር እኒህ ሰው አጥር ሥር በአንድ ትንፋሽ አስረዷት። «ውሎዋስ?» አለች።

አቶ አምሳሉ ገጹን አገላብጠው አንድ ዓረፍተ ነገር በጀርመንኛ አነበቡላት፤ ከዚያም ወደ አማርኛ መለሱት። «ወይንሀረግ ሦስት ዓመት ስትተኛ ፕፍሌገ ያስፈልጋት ነበር፤ ይህን ሥራ ለማንም አልሰጠሁም።»

«ወይንሀረግ ማን ናት?»

«ባለቤቴ ነበረች» አሉና ማመልከቻዋን መተየብ ጀመሩ።

አንባቢ ይህን ነገር ከሥሩ ቢያውቀው ይሻላል። አቶ አምሳሉና ወይዘሮ ወይንሀረግ በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ስድስት ተጋቡ፤ ልጅ አልወለዱም። የሚኖሩባት የልደታ የቀበሌ ቤት፣ አሮጌው ሰፈር ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ሲሠራበት በሁለት ሺህ ሁለት ዓመተ ምሕረት ገደማ አብራ ፈረሰች፤ ባልና ሚስትም አብነት ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይተው ገቡ። በዓመቱ ወይዘሮ ወይንሀረግ ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ ብሏቸው ተኙ። አቶ አምሳሉ ጠዋት ያጥቧቸዋል፣ ያጎርሷቸዋል፣ ጎናቸው እንዳይቆስል ያገላብጧቸዋል፤ ከዚያ ተራውጠው ልደታ ሄደው ሁለት ሦስት ማመልከቻ ይጽፋሉ፤ ለምሳ ይመለሳሉ። የሕሙም ቀን ረጅም ነው፤ ስለዚህ ቀን ማሳለፊያ ይሁናቸው ብለው በየቀኑ አንዲት የጀርመንኛ ስም ለሚስታቸው ያስተምሩ ጀመር። ፍቺውንና ጠባዩን ባል ይናገራሉ፤ ውሎውን ግን ሚስት ናቸው የሚመርጡት፤ የፕፍሌገን ብቻ ባል ራሳቸው በመጨረሻ ጻፉት። ‹ዳስ ዛልፅ› ሲባል «ወይንሀረግ ጨው ትወዳለች፤ ሐኪሙ ግን ይከለክላታል» በልና ጻፍ ይላሉ፤ ‹ዴር ሽሉሰል› ሲባል «ወይንሀረግ የፈረሰውን ቤት ቁልፍ አልጣለችም» በል ይላሉ፤ ሁለቱም ይስቃሉ። በሁለት ሺህ ስድስት በሐምሌ ወር ወይዘሮ ወይንሀረግ ሲያርፉ ስምንት መቶ ቃል ተጽፎ ነበር፤ ከስምንት መቶው በሦስት መቶ አሥራ ሁለቱ ውስጥ ስማቸው አለ። ቤት ፈርሷል፣ ልጅ የለም፤ የዚያች ሴት ስም በዚህ ዓለም የቀረው በዚያ የወረቀት ክምር ላይ ብቻ ነበር።

እንግዲህ ጊፍቲ ሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሜና እሑድ ወደ አብነት እየሄደች ከዚያ ክምር ተማረች። አቶ አምሳሉ አስከፍለዋት አያውቁም። እሷም በበኩሏ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ውለታ አታውቅም አትባልም ነበር፤ የደም ግፊታቸውን ትለካለች፣ ክፍላቸውን ትጠርጋለች፣ ሲያስላቸው ሽሮፕ ይዛ ትመጣለች፤ ‹አባቴ› ብላ የጠራቻቸውም ጊዜ አለ። ‹አባቴ› ባለቻቸው ቀን ማታ ሽማግሌው እንቅልፍ አልወሰዳቸውም፤ በዚያ ቃል በሕይወታቸው የጠራቸው ሰው አልነበረምና።

በመጋቢት ወር ሁለት ሺህ አሥራ ሁለት ወረርሽኙ ወደ አገር ገባ። ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ ፍርድ ቤት ከአስቸኳይ ጉዳይ በቀር አላይም አለ፤ ታክሲ በግማሽ ጫነ፤ በሚያዝያ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። የጊፍቲ የጀርመን ጉዞ አውሮፕላኑም ኤምባሲውም ሲቆም አብሮ ቆመ። ባለጉዳይ ያጡት አቶ አምሳሉም ቤታቸው ተቀምጠው፣ ያን የተበጣጠሰ ክምር በአራት ደብተር በቁም ጽሑፍ ገለበጡት፤ ርዕሱን በቀይ፣ ሐተታውን በጥቁር ቀለም፣ ልክ አባታቸው ብራና ላይ ሲጽፉ እንዳዩት።

እዚህ ላይ ነው ስሕተታቸው። የቤተ ክህነት ጸሐፊ መጽሐፍ ሲገለብጥ የራሱን ስም አይጽፍም፤ የሚጽፈው መጽሐፉ የተጻፈለትን ሰው ስም ነው። መሪጌታ ገብረጊዮርጊስ አርባ መጽሐፍ ገልብጠው በአንዱም ስማቸውን አላኖሩም። ልጃቸውም በዚያው ሥርዓት በመጀመሪያው ደብተር ራስጌ «ይህ መጽሐፍ የጊፍቲ ቶሌሳ ነው፤ የሰረቀው፣ የፋቀውም ቢኖር የተወገዘ ይሁን» ብለው በቀይ ቀለም ጻፉ። ረቂቁን ደግሞ፣ ከተገለበጠ ወዲያ ምን ይሠራል ብለው፣ ለጎረቤታቸው ለአቶ ዓብዱልሰላም ሱቅ መጠቅለያ ሰጡት። አቶ ዓብዱልሰላም የእድሩ ዳኛ ናቸው፤ ደግ ሰው ናቸው፤ በዚያ ወረቀት ስኳርና ምስር እየጠቀለሉ በሁለት ወር ጨረሱት።

ጊፍቲ አራቱን ደብተር ስትቀበል አለቀሰች። «ጋሼ፣ እኔ ይህን አሳትመዋለሁ። የእርስዎ ስም በትልቁ ሽፋኑ ላይ ይጻፋል» አለች።

«የኔን ስም ተይው፤ ስም ምን ያደርግልኛል። ወይንሀረግን ብቻ አትንኪብኝ። ሌላ የቀራት ነገር የለም። አደራ።»

«ጋሼ! የእርስዎን አደራ የምበላ እመስልዎታለሁ?»

አልመሰለቻቸውም። አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ ይባላል፤ ምስክርም ፊርማም አልተጠራም።

ከዚያ ወዲህ ጊፍቲ አልፎ አልፎ ብቻ ብቅ ትል ጀመር፤ ኋላም ጨርሶ ቀረች። ሲደውሉላት «ጋሼ፣ ሥራ ወጥሮኝ ነው፤ እመጣለሁ» ትላለች። እሷ ግን በስልክ ቪዲዮ ጀርመንኛ ማስተማር ጀምራ ነበር፤ ቤቱ የተዘጋበት ወጣት ሁሉ ተመለከታት፤ ‹ቲቸር ጊፍቲ› የሚል ስም ወጣላት፤ ጀርመን መሄዱንም ተወችው። አቶ አምሳሉ ይህን አያውቁም፤ ስልካቸው ቁልፍ ያለው አሮጌ ስልክ ነው።

በኅዳር ወር ሁለት ሺህ አሥራ አራት፣ አገሩ በጦርነት ወሬ ተወጥሮ ሰው ሁሉ ሬዲዮ ላይ ጆሮውን በደገነበት ሰሞን፣ አቶ ዓብዱልሰላም አንድ መጽሐፍ ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ደስ ብሏቸው መጡ።

«ጋሽ አምሳሉ፣ እንኳን ደስ ያለዎት። ያቺ ልጅዎ መጽሐፍ አወጣች።»

ሽፋኑ ላይ «ጀርመንኛ በፍቺ፣ በጠባይና በውሎ» ይላል፤ ከሥሩ በትልቁ ‹ጊፍቲ ቶሌሳ›። አቶ አምሳሉ ሽፋኑን አይተው አልከፋቸውም፤ ስሜን ተዪው ያሉ ራሳቸው ናቸው። ገጽ ገልጠው ጨውን ፈለጉ። «አና ጨው ትወዳለች» ይላል። ቁልፍን ፈለጉ። «አና የቤቷን ቁልፍ አልጣለችም»። ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ሦስት ሰዓት አገላበጡ፤ አቶ ዓብዱልሰላም ሱቃቸውን ትተው አጠገባቸው ተቀምጠዋል፤ ወይንሀረግ የሚል ስም በመጽሐፉ ውስጥ አንድም ቦታ የለም። በመጨረሻ ፕፍሌገ ላይ ደረሱ።

«እናቴ ሦስት ዓመት ስትተኛ ፕፍሌገ ያስፈልጋት ነበር፤ ይህን ሥራ ለማንም አልሰጠሁም።»

መቅድሙም ደራሲዋ ይህን መጽሐፍ የጀመረችው የታመመች እናቷን እያስታመመች፣ በአልጋዋ ግርጌ ተቀምጣ እንደ ሆነ ይተርካል። ወይዘሮ ፋዮ በዚያች ሰዓት አብነት ገበያ ላይ ዐሥራ አምስት ኪሎ በርበሬ በትከሻቸው ተሸክመው ከደላላ ጋር ይከራከሩ ነበር።

ያጎረሰ እጅ ይነከሳል ይባላል፤ ይህ ግን ንክሻ ብቻ አይደለም። ሰውየው ሚስታቸውን ሲያገላብጡ የጎበጠ ወገባቸውን፣ ያለቀሱትን ለቅሶ፣ ሌላ ሰው አንሥቶ ለበሰው። አቶ አምሳሉ መጽሐፉን ዘግተው ለአቶ ዓብዱልሰላም መለሱና «ከዳችኝ» አሉ።

በማግስቱ ፍርድ ቤቱ በር ላይ የሚያውቁት አንድ ጠበቃ ዘንድ ቀረቡ። ጠበቃው እስኪጨርሱ አዳመጣቸው፤ ሰውየው ለሃያ ምናምን ዓመት የጻፉለት ክስ ብዙ ነውና አክብሯቸዋል።

«ረቂቁ የት አለ?» አለ።

«ስኳር ተጠቅልሎበታል።»

«የተገለበጠውስ?»

«እሷ ጋ ነው።»

«የእርስዎ ስም አለበት?»

«የለበትም። የእሷ ነው ያለበት። እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

ጠበቃው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ጋሽ አምሳሉ፣ በገዛ እጅዎ ጽፈው ሰጥተዋታል እኮ። ይህን ይዤ ዳኛ ፊት ብቆም እርስዎን ማዋረድ ይሆንብኛል። በሽማግሌ ይሞክሩት።»

ለስንቱ ባለጉዳይ ‹መብቴ ይከበርልኝ› ብለው የተየቡ ሰው የራሳቸውን ክስ ሳይጽፉ ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

ሽምግልናው የካቲት ላይ፣ ሁለት ሺህ አሥራ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ በአብነት እድር ቤት ተቀመጠ። ጊፍቲ ዓመት ሙሉ ስትሸሽ ቆይታ እሺ ያለችው እናቷ ነገሩን ሳይሰሙ ይለቅ ብላ ነበር፤ አቶ ዓብዱልሰላም ግን የሽምግልና ሰው ናቸውና ቀድመው ወይዘሮ ፋዮን ጠርተዋቸዋል። እናትና ልጅ በር ላይ ተገናኙ።

«ልጄ» አሉ አቶ ዓብዱልሰላም፣ «ጋሽ አምሳሉ አደራዬ ተበላ ብለው አዝነዋል። አንቺ ምን ትያለሽ?»

«እኔ ጋሼን እንደ አባቴ ነው የማያቸው። ግን ደብተሩን ለመጽሐፍ ያበቃሁት እኔ ነኝ። ኮምፒውተር ላይ የጻፍኩት፣ ለፈተና የሚሆነውን የጨመርኩት፣ ማተሚያ ቤት የተመላለስኩት እኔ ነኝ። እሳቸው ደብተሩን ሰጡኝ፤ የኔ ነው ብለውም በእጃቸው ጽፈውበታል። ምን በደልኩ?»

«ስሜን መች ጠየቅሁሽ» አሉ አቶ አምሳሉ። «ወይንሀረግን የት አደረግሻት?»

«ስሙ ለተማሪ ይረዝማል ጋሼ። ጀርመንኛ ውስጥ ሲገባ አይመችም። አራሚው ነው ቀለል ያለ ስም ይሁን ያለኝ።»

«እናቴ ሦስት ዓመት ስትተኛ በይ ያለሽም አራሚው ነው?»

ወይዘሮ ፋዮ ቀና አሉ። «ማነው ሦስት ዓመት የተኛው?»

ወይዘሮ ፋዮ ማንበብ አይችሉም፤ አቶ ዓብዱልሰላም መጽሐፉን ገልጠው ያንን ዓረፍተ ነገር፣ ቀጥሎም መቅድሙን አነበቡላቸው። ሴትዮዋ አንድ ጊዜ ልጃቸውን፣ አንድ ጊዜ አቶ አምሳሉን አዩ።

«እኔ በሕይወቴ ሦስት ቀን ተኝቼ አላውቅም» አሉ ዝግ ብለው። «ሰዉ ሁሉ ገበያ ላይ ‹እንኳን ተነሣሽ› ሲለኝ ምን ማለቱ ነው ስል ነበር። የሰውን ሐዘን ነው እንዴ ያለበስሽኝ፣ ጊፍቲ?»

ጊፍቲ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። እንባዋ እውነተኛ ነበር፤ ይህን ልንክዳት አይገባም፤ በዚያች ሰዓት ያየችው ያን የአብነት ክፍል፣ የሽማግሌውን ሳልና የራሷን ቃል ነው። ተነሥታ የአቶ አምሳሉን ጉልበት ሳመች። በሚቀጥለው ኅትመት ወይንሀረግ በሦስት መቶ አሥራ ሁለቱም ቦታ እንድትመለስ፣ መቅድሙም እንዲታረም ሽማግሎቹ ወሰኑ፤ እሷም እሺ አለች።

«ይቅር ይበሉኝ ጋሼ።»

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አሉ። ከልባቸው ነበር ያሉት። ያን ዕለት ወደ ቤታቸው ሲሄዱ አቶ ዓብዱልሰላምን በመንገድ ላይ አቁመው «ልጅ እንኳን ብንወልድ ይህን ያህል ስሟን አይጠራላትም ነበር» አሏቸው።

በመስከረም ሁለት ሺህ አሥራ ስድስት ሁለተኛው ኅትመት ወጣ። ጊፍቲ ራሷ አልመጣችም፤ በአንድ ሞተረኛ አንድ ቅጂ በፖስታ አሽጋ ላከች። ዓይናቸው ደክሟልና አቶ ዓብዱልሰላም አነበቡላቸው። መጀመሪያ ምስጋና የሚል ገጽ አለ፤ ዐሥራ አራት ሰው ተደርድሯል፤ ዐሥራ ሁለተኛው ላይ «አቶ አምሳሉ ገብረጊዮርጊስ፣ በትየባ ሥራ ስለ ተባበሩኝ» ይላል። አቶ ዓብዱልሰላም ይህን ካነበቡ በኋላ ለመቀጠል ፈሩ።

«ያንብቡ» አሉ አቶ አምሳሉ። «ፕፍሌገን ያንብቡልኝ።»

«ነርሷ በሽተኛውን ትንከባከባለች።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም፤ ይኸው ነው።»

መቅድሙ ከመጽሐፉ ወጥቷል፤ ወይዘሮ ፋዮ ከአልጋ ተነሥተዋል፤ አና ግን ጨውም ቁልፍም ይዛ በቦታዋ ተቀምጣለች። ጊፍቲ ራሷን የሚያሳፍረውን ሁሉ አጥባ፣ የሽማግሌውን ግን አልመለሰችም። የፊተኛው ክህደት በስስት ተደረገ ይባል፤ ይህ ሁለተኛው ግን ጉልበት ተስሞ፣ ይቅር ተባብሎ፣ በሰከነ ልብ የተደረገ ነው። እኔን ያናደደኝም ይኸው ነው።

አቶ አምሳሉ በአሮጌው ስልካቸው ደወሉላት።

«ጋሼ፣ ደረሰዎት? ስምዎትን አስገባሁት እኮ» አለች።

«ወይንሀረግስ?»

«አሳታሚው ፊደሉ ከተለቀመ በኋላ ይህን ሁሉ መቀየር አይቻልም አለኝ። ምን ላድርግ? በሦስተኛው እናየዋለን።»

አቶ አምሳሉ ፊደል ለቃሚ ነበሩ፤ ምን እንደሚቻልና ምን እንደማይቻል ያውቃሉ። «በይ ደህና ሁኚ» ብለው ዘጉት፤ ከዚያ በኋላ ስሟን በአፋቸው አላነሡም።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚለውን ተረት ያወጣው ሰው ልደታ ቢኖር ምን እንደሚል አላውቅም። በሁለት ሺህ አሥራ ሰባት በጥር፣ ከተማይቱ መንገዷን ስታሰፋ ከአጥሩ ሥር የተነሡት ማመልከቻ ጸሐፊዎች በየጓሮው ተበታትነው ሳለ፣ ፀዲ የምትባል ነርስ አቶ አምሳሉን አጠያይቃ አብነት ድረስ መጣች። አንድ ሽማግሌ ጀርመንኛ ይችላሉ መባሉን ሰምታ ነው። እጇ ላይ ያ መጽሐፍ አለ፤ አራተኛ ኅትመት ደርሷል።

«ሌላ መጽሐፍ ብዙ አይረባም ይላሉ ጋሼ፤ የሚያልፉት ሁሉ በዚህ ነው ያለፉት» አለች። «ደራሲዋን ያውቋታል?»

«አስተምሬአታለሁ።»

ፀዲ በአክብሮት ፈገግ አለች። አላመነቻቸውም፤ ሽማግሌ እንዲህ ሲል እያየች አድጋለች። «ከፕፍሌገ እንጀምር ጋሼ፣ ለቃለ መጠይቁ እሱ ይመጣል ብለውኛል።»

አቶ አምሳሉ መጽሐፉን ሳይገልጡ ጀመሩ። ማስታመምን፣ መጦርን፣ ማሳደግን ነገሯት፤ የቤት ልብሷንና ደርባ የምትወጣውን ነገሯት፤ ፀዲም እየጻፈች ሳቀች። ውሎዋ ላይ ሲደርሱም እስከ መጨረሻው አሉት፦ «ወይንሀረግ ሦስት ዓመት ስትተኛ ፕፍሌገ ያስፈልጋት ነበር፤ ይህን ሥራ ለማንም አልሰጠሁም።»

ፀዲ እስክሪብቶዋን አቆመች፤ ገጹን ከፍታ በጣቷ ተከተለች። «ይቅርታ ጋሼ፣ መጽሐፉ እንዲህ አይልም። ‹ነርሷ በሽተኛውን ትንከባከባለች› ነው የሚለው። ለፈተና የመጽሐፉን ብይዝ አይሻለኝም?»

ሽማግሌው ልጅቱን አዩዋት። ዓይኗ ውስጥ ክፋት የለም፤ ማለፍ ብቻ ነው የምትፈልገው።

«ያዢው ልጄ» አሉ። «የመጽሐፉን ያዢ።»

ፀዲ በሰኔ ተፈትና አለፈች። ዛሬ በጀርመን ከተሞች ሆስፒታሎች ውስጥ ሽማግሌ የሚያጥቡ፣ በሽተኛ የሚያገላብጡ ኢትዮጵያውያን ነርሶች አሉ፤ ቋንቋውን በማን ተማራችሁ ሲባሉ ሽፋኑ ላይ ያለውን ስም ይናገራሉ፤ አልዋሹም፤ የሚያውቁት እሱን ነው። ወደ ፊት የዚህን ዘመን ታሪክ የሚጽፍ ሊቅም መዝገብ ሲያገላብጥ የሚያገኘው ጊፍቲ ቶሌሳ የሚለውን፣ ከተጋም ዐሥራ ሁለተኛው መሥመር ላይ አንድ የትየባ ሠራተኛ ነው። የልደታው ቤት የነበረበት መሬት ላይ ፎቅ ቆሟል። ወይንሀረግ የምትባል ሴት እዚያ እንደ ኖረች፣ ጨው እንደምትወድ፣ ሦስት ዓመትም እንደ ተኛች ከሥሩ የሚያውቅ አንድ ሰው ቀርቷል፤ እሳቸውም ሰባ ሦስት ዓመታቸው ነው።